ስለ ወደቀ ሰው ስንቅ

በአገራችን ልማድ ሰው ወደ ዘመቻ ወይም ወደ ሩቅ መንገድ ሲነሣ ስንቁን የምትሰንቅለት እናቱ ወይም ሚስቱ ናት። ገብሱ ተቆልቶ በሶው ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው፣ በርበሬው በየስልቻው ይታሰራል። ሰንቃ የምትሰጠው ሴት ግን «ይህን የምትበላው ተሸንፈህ ብቻህን ጫካ ውስጥ ስትደበቅ ነው» አትልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ቢያመልጣት ሟርት ይሆንባታል። ስንቅ የሚሰነቀው ለመሄድና ለመመለስ ነው። ለመውደቅ የሚሰንቅ ሰው ጥቂት ነው።

እኔ ዛሬ ላወሳው የፈለግሁት ግን እንዲህ ያለውን ስንቅ ነው። ይኸውም የጦር አይሮፕላን በራሪዎች፣ ማለት ነጂውም፣ አቅጣጫ መሪውም፣ መትረየስ ተኳሹም፣ በጠላት አገር ላይ ተመትተው ቢወድቁ በሕይወት ቆይተው ከአሳዳጅ እንዲያመልጡ አስቀድሞ የሚዘጋጅላቸው ዕቃ ነው። ነገሩ ለወታደር ብቻ የሚሆን ይመስላል። ወጣት አንባቢዬ ጥቂት ቢታገሠኝ ግን በዚያ ስንቅ ውስጥ የማንኛችንንም ልብ የሚፈትን ጥያቄ ተጠቅልሎ እንዳለ ያያል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በመጨረሻ ስለ አባቴ ቤት የምናገረውን ብቻ በእኛ አቆጣጠር አደርገዋለሁ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1939 መጨረሻ፣ እንግሊዞች ኤም አይ 9 የሚባል አንድ የምሥጢር መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ሥራው የተማረኩት ወታደሮች ከእስር የሚያመልጡበትን፣ በጠላት አገር የወደቁትም ሳይያዙ የሚመለሱበትን መንገድ ማሰናዳት ነበር። በዚያ ክሌይተን ሀተን የሚባል፣ አለቆቹን የሚያስቸግር፣ ብልሃቱ ግን የማያልቅ ሰው ነበረ። ይህ ሰው 50 ሲጋራ የሚይዝ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሣጥን ወሰደና በሲጋራው ፈንታ ለወደቀ ሰው የሚያስፈልገውን ይከትበት ጀመር። ከወተትና ከብቅል የተሠራ እንክብል፣ ቸኮላታ፣ ከረሜላ፣ ክብሪት፣ መርፌና ክር፣ የወንዝ ውሃን ከበሽታ የሚያነጻ መድኃኒት፣ ውሃ የሚቀዳበት የጎማ ከረጢት፣ እንቅልፍ የሚያባርር እንክብል፣ ይህ ሁሉ በኪስ በምትያዝ ሣጥን ውስጥ ገባ። ከሣጥኑ ሌላ የየአገሩ ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ነበረ። ካርታውን በሐር ጨርቅ ላይ አተሙት፤ ሐር ሲታጠፍ እንደ ወረቀት አይንኮሻኮሽም፣ ውሃ ቢነካው አይበጣጠስም፣ በልብስ ገበር ውስጥ ቢሰፋ በዳበሳ አይታወቅም። የበራሪው ቦት ጫማ ሩቅ ሆኖ ባለቤቱን የሚያሳብቅ ስለ ነበረ፣ በውስጡ በተሸሸገች ትንሽ ቢላዋ የላይኛውን ክፍል ቆርጦ ሲጥለው የታችኛው የተራ ሰው ጫማ እንዲሆን አድርገው ሠሩት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቁልፉ ነው። በኮት ቁልፍ ውስጥ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ኮምፓስ ደበቁ፤ ጠባቂው ጠርጥሮ ቁልፉን እንደ ልማዱ ለመክፈት ሲያዞረው ይበልጥ እንዲጠብቅ ጥርሱን በተቃራኒ በኩል ቀረጹት። ተማሪዎች በፈተና ቀን ወረቀት የሚሸሽጉበትን ዘዴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳሳድድ ለኖርሁ ሰው ይህን ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ የእኔ ደቀ መዛሙርት እዚህ ድረስ አልደረሱም።

ለመውደቅ መሰነቅ ልብን ያደክማል፣ ለእምነትም ጉድለት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ይህችን ሣጥን በበራሪው እጅ የሚያኖር አለቃ «ብትወድቅም ለእኔ እንደ ሞተ ሰው አትቆጠርም፤ እጠብቅሃለሁ» ማለቱ ነው። ይህን ቃል የሰማ ሰው ልቡ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። በሣጥኑ ያለው ምግብ ለሁለት ቀን ያህል እንዲበቃ ተብሎ የተመጠነ ነበር። ለምን ሁለት ቀን ብቻ ቢባል፣ አይሮፕላን ከወደቀ በኋላ ፍለጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው። የወደቀው ሰው ጃንጥላውን ቀብሮ፣ ከሥፍራው ርቆ፣ ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ፍለጋው እስኪበርድ ቢቆይ ይሻለዋል። የተራበና የደነገጠ ሰው ግን ያገኘውን የመጀመሪያ ደጅ ይመታል። ስለዚህ ያች ከረሜላ የተሰጠችው ከማጥገብ ይልቅ ደጅ መምታቱን እንድታዘገይ ነው። ታዘገያለች እንጂ አታስቀርም። ከብራስልስ እስከ እስፓኝ ወሰን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሁለት ቀን ከረሜላ ይህን መንገድ አያስኬድም። ደግሞም በራሪዎቹ በተራ ሰው ልብስ የተነሡትን ትንንሽ ፎቶግራፍ ይዘው ይበሩ ነበር። ፎቶግራፍ አይበላም፣ መንገድም አያሳይም፤ የሚጠቅመው ሐሰተኛ የመታወቂያ ወረቀት የሚሠራ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። እንግዲህ ስንቁን ያዘጋጁት ሰዎች አንድ በሣጥን የማይገባ ነገር ቆጥረው ነበር ማለት ነው፤ እርሱም የማያውቁት ሰው ደጅ ነው።

በቻይና ደግሞ ይህ በግልጽ ተጽፎ ነበር። እዚያ የሚዋጉት የአሜሪካ በራሪዎች በቻይና ባንዲራ ያጌጠ ጨርቅ በጃኬታቸው ላይ ይሰፉ ነበር፤ በላዩም በቻይንኛ፣ ይህ የባዕድ ሰው ለቻይና ሊዋጋ የመጣ ነውና ወታደሩም ሕዝቡም ያድነው የሚል ቃል ነበረበት። በሚያዝያ 1942 የጃፓንን ከተሞች ደብድበው በቻይና ምድር የወደቁትን የኮሎኔል ዱሊትልን ሰዎች ገበሬዎቹ ደብቀው አሻገሯቸው። ከዚያ በኋላ የጃፓን ጦር ያን አገር ከዳር እስከ ዳር አቃጠለው። የሞተው ሰው እስከ 250,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ከዘመቱት በራሪዎች ቁጥር ጋር አስተያይተህ ተመልከት፤ ሁሉም ተደምረው 80 ነበሩ።

በፈረንሳይም እንዲሁ። በመስከረም 1941 ጀርመኖች በየግድግዳው ማስታወቂያ ለጠፉ። የጠላት በራሪዎችን የሚረዳ ወንድ ወዲያው ይረሸናል፤ ሴት ብትሆን ወደ ጀርመን የእስረኞች ሠፈር ትላካለች፤ ለሚጠቁም ሰው እስከ 10,000 ፍራንክ ይሰጠዋል የሚል ነበር። ከደጅ ውጭ የቆመው ግን የ1929ኙ የጄኔቭ ውል ይጠብቀዋል፤ የወታደርነት ምልክቱን ይዞ ቢያዝ የጦር ምርኮኛ ነው፣ ጦርነቱ ሲያልቅም አገሩ ይገባል። ደጁን የከፈተው ሰው ምንም የሚጠብቀው ውል የለውም። የሚለምነው ሰው ነፃነቱን ለማትረፍ ይለምናል፤ የሚለመነው ነፍሱን ይሰጣል። ሚዛኑ እኩል አይደለም።

ይህ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 5 ቀን 1943 የአሜሪካ አይሮፕላኖች በአንትወርፕ አጠገብ በሞርትሴል የነበረውን የጀርመኖች የአይሮፕላን ፋብሪካ ሊመቱ መጥተው ብዙው ቦምብ በመንደሩ ላይ ወረደ። 936 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 209 ሕፃናት ነበሩ፣ ትምህርት ቤቶችም ተመትተው ነበር። አስተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲያነብ ወረቀቱን አስቀምጦ ጥቂት ሳይቆይ ወደሚቀጥለው መሥመር አይሄድም። እንግዲህ የቤልጅግ ሰው በሌሊት ደጁ ሲመታ የቆመው፣ ምናልባት የጎረቤቱን ልጅ ከገደለው አይሮፕላን የወረደ ሊሆን ይችላል። ይህም ሆኖ ብዙ ደጆች ተከፈቱ።

ከከፈቱት መካከል አንዲቱን በስም ላንሣ። በፈረንሳይ ደቡብ፣ በፒሬኔ ተራራ ሥር፣ ኡሩኝ በምትባል መንደር ወይዘሮ ፍራንሺያ ኡሳንዲሳጋ የሚባሉ የባስክ ገበሬ፣ የልጆች እናት ነበሩ። ከብራስልስ የሚመጡት በራሪዎች ተራራውን ከመሻገራቸው በፊት የሚያርፉት በእርሳቸው ቤት ነበር። በጥር 1943 ዝናቡ በርትቶ ወንዙ ስለ ሞላ ሦስት በራሪዎችና መሪያቸው መሻገር ተስኗቸው በቤታቸው ቆዩ። በጥቆማ ተከበቡ፤ ወይዘሮ ፍራንሺያም አብረው ተያዙ። በ1945 በራቨንስብሩክ የእስረኞች ሠፈር ሞቱ።

ታዲያ የወደቀው ሰው ያን ደጅ መምታት ይገባው ነበርን? እጁን ለጠላት ሰጥቶ ምርኮኛ ቢሆን እኒያ ልጆች እናታቸውን ባላጡ ነበር። አንዳንዱ ሰው፣ ጦርነቱ የሁሉም ስለ ሆነ መከራውም የሁሉም ነው ብሎ በቀላሉ ያልፈዋል። ይህ መልስ ለእኔ አይበቃኝም፤ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ደጁ ያልተመታበት ሰው ነውና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንማር ሁላችንም ራሳችንን በሳምራዊው ሥፍራ እናኖር ነበር። ወንበዴዎቹ ገና ከመንገዱ ዳር ተደብቀው ይሆን ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው ለሳምራዊው ምን ይገባው ነበር ብሎ የጠየቀም አልነበረም፤ አስተማሪያችንም አልጠየቁንም፤ እኔም ካስተማርሁ በኋላ ለተማሪዎቼ አልጠየቅሁም።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። መለመን በደል አይደለም። በአገራችን መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ «ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ነገር ግን አውሬ ወይም ሽፍታ የሚከተለው እንግዳ ያን ሳይናገር ቢገባ ማደሪያ ለመነ አይባልም፤ የባለቤቱን ነፍስ ሰረቀ ይባላል። ስለዚህ የሚለምን ሰው አደጋውን መግለጥ አለበት፤ እምቢ ለማለትም ለባለቤቱ ሥፍራ ሊተውለት ይገባል። እምቢ ያለውንም ሊረግመው አይገባም። የልጆች አባት የሆነ ሰው በሌሊት ደጁን ዘግቶ ቢቀር፣ ፈሪ ነው ብሎ የሚፈርድበት ማን ነው? እኔ አልደፍርም።

የኢያሪኮዋን ረዓብን ተመልከት። ሁለቱን ሰላዮች በጣሪያዋ ላይ ሸሸገቻቸው፤ ሲወጡ ግን በባዶ አላሰናበተቻቸውም፣ እነርሱም በባዶ አልሄዱም። አሳዳጆቹ እስኪመለሱ ሦስት ቀን በተራራው እንዲቆዩ መከረቻቸው፤ እነርሱም የአባቷን ቤት ሁሉ ሊያድኑ ማሉላት፣ ቀዩን ፈትልም በመስኮቷ አሰረች። ከከተማይቱ ውድቀት የተረፈችው ያ መሐላ ስለ ተጠበቀ ነው። ብዙ ሰባኪዎች የረዓብን እምነት ያመሰግናሉ፤ የሰላዮቹን ዕዳ ከፋይነት የሚያነሣ ግን አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ስንቁን ወደሚያዘጋጀው ሰው እመለሳለሁ፤ የነገሩ ኃላፊነት ይበልጡን በእርሱ ላይ ነውና። የወደቀው ልጅ ሃያ ዓመት የሆነው፣ ምናልባት እግሩ የተሰበረ፣ ቋንቋ የማያውቅ ነው። በዚያች ሰዓት ስለ ዕዳና ስለ መሐላ ያስባል ብለን አንጠብቅም። የሚያስብለት በሰላም ቀን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሣጥኑን የሚሞላው ነው። በዚያ ጦርነት ከተሰጡት ትእዛዞች አንዱ የረዱህን ሰዎች ስምና ቤት ከቶ እንዳትጽፍ የሚል ነበር፤ በካርታው ላይ ምልክት ማድረግ እንኳ ክልክል ነበር። አምልጠው የተመለሱትን አብዛኞቹን በረዷቸው ሰዎች አገር ላይ ዳግመኛ እንዳይበሩ አደረጓቸው፤ ሁለተኛ ወድቀው ቢያዙና ቢሠቃዩ የሰዎቹን ስም እንዳያወጡ ነው። የሠለጠነ በራሪ እጅግ በተፈለገበት ጊዜ ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ከጦርነቱም በኋላ ረዳቶቹን ፈልጎ የሚያመሰግንና የሚክስ ቢሮ በፓሪስና በብራስልስ ተከፈተ። ራሳቸው ያመለጡት በራሪዎችም በ1946 ማኅበር አቁመው የረዳቶቻቸውን ባልቴቶችና የሙት ልጆች እስከ 1995 ድረስ ሲረዱ ኖሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ስንቁን ማሻሻል ራሱ ለባዕዱ ሰው መራራት ነው። በሰኔ 1995 ስኮት ኦግሬዲ የሚባል አሜሪካዊ በራሪ በቦስንያ ላይ ተመትቶ ወረደ። ስድስት ቀን ሙሉ ቅጠልና ጉንዳን እየበላ፣ የዝናብ ውሃ እየጠጣ ተደብቆ ቆየና በራዲዮው ተጣርቶ ወገኖቹ በሄሊኮፕተር አነሡት። ጋዜጦቹ ስለ ጉንዳኑ ብዙ ጻፉ። እኔ ያየሁት ግን የማንንም ደጅ አለመምታቱን ነው፤ በዚያ አገር በእርሱ ምክንያት የታሰረ ገበሬ የለም። አንድ ራዲዮ ተጨማሪ የውሃ ከረጢትም በሣጥኑ ውስጥ ሲገባ፣ ከሩቅ አገር የምትኖር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ታድራለች ማለት ነው።

በወይዘሮ ፍራንሺያ ቤት የተያዘችው መሪ አንድሬ ደ ዮንግ ትባላለች። ቤልጅጋዊት ነበረች። በ1941፣ ገና 24 ዓመት ሳለች፣ ኮሜት የተባለውን የማምለጫ መሥመር ከብራስልስ እስከ እስፓኝ ዘረጋች፤ ራስዋም ከመቶ በላይ ሰዎች እየመራች ተራራውን አሻገረች። አባትዋ አቶ ፍሬደሪክ ደ ዮንግ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ እንደ እርስዋ በዚሁ ሥራ ገብተው በፓሪስ ተያዙና በመጋቢት 1944 ተረሸኑ። እርስዋ በተያዘች ጊዜ አባትዋን ለማዳን ስትል የመሥመሩ አለቃ እኔ ነኝ ብላ እውነቱን ተናገረች፤ መርማሪዎቹ ግን ይህች ወጣት ይህን ልትሠራ አትችልም ብለው አላመኗትም። ከእስረኞች ሠፈር በሕይወት ወጣች። ከዚያ በኋላ በሥጋ ደዌ የታመሙትን በማስታመም ዕድሜዋን ፈጀች፤ በኮንጎ፣ በካሜሩን፣ በሴኔጋልም ሠራች፤ እዚህም በአዲስ አበባ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል አገልግላለች። በ2007 በ90 ዓመትዋ ሞተች። ሰው ሁሉ ከደጁ የሚያባርራቸውን ድውያን እዚህ ስታጥብ፣ ማን እንደ ነበረች ከእኛ ወገን ምን ያህሉ ሰው ያውቅ ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ደጅ የሚከፍት ሰው የሚገባውን እንግዳ ማንነት እንኳ አያውቅም። በኅዳር 1942 በብራስልስ የማሬሻል ቤተሰብ ሁለት አሜሪካውያን በራሪዎች መስለዋቸው ያስገቧቸው ሰዎች የጀርመን ሰላዮች ነበሩ። በዚያ ምክንያት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተያዙ፤ የቤቱም አባወራ ተረሸኑ። ይህን ያነበብሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ልናገር።

በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓመተ ምሕረት፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የቤታችን ደጅ በሌሊት ተመታ። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የመጣው በትምህርት ቤት ከእኔ ሁለት ክፍል ይበልጥ የነበረ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እየፈለጉኝ ነው፤ ልደብቅዎ አልልም» አለ። አባቴ አስገቡት። ልጁ ማለት የፈለገው «ልደበቅ» ነበር፤ በፍርሃት ቃሉ ተሳስቶበት ነው፤ እኔ ግን ያ የተሳሳተው ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ሌሊቱን ከጎተራው ኋላ አደረ። አባቴና እናቴ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ እኛ ስድስት ልጆች ነበርን።

ዶሮ ሳይጮኽ እናቴ በሶ በጨርቅ ቋጠሩለት፤ ጨው ጨመሩበት። አባቴ ጋቢያቸውን አለበሱት፤ ከሣጥንም ገንዘብ አውጥተው ሰጡት። ወረቀት የለም፤ መንገዱን በቃል አስጠኑት። የሽንፋን ወንዝ በየት በኩል እንዲሻገር፣ ቀን ቀን የት እንዲተኛ፣ ወደ መተማ ሲቃረብ በየትኛው መንደር የማንንም ደጅ እንዳይመታ ነገሩት፤ ሦስት ጊዜም አስደገሙት። «የማንን ደጅ ልምታ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቴ ዝም አሉ። በኋላም «የማንንም» አሉት። ወጣ።

በሳምንቱ የልጁ እናት መጡ። አባቴ ሳይሸሽጉ «አንድ ሌሊት አድሯል፤ በሶ ይዟል» ብለው ነገሯቸው። ሴትዮዋ ተንበርክከው የአባቴን ጉልበት ሳሙ፤ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጁ ወዴት እንደ ደረሰ እኛ ቤት የሰማ ሰው የለም። አባቴ በ1991 ዓመተ ምሕረት ታመው ሲተኙ፣ ስለ ሌላ ነገር ስንጫወት ሳለን ድንገት አቋረጡኝና «ያ በሶ ስንት ቀን የሚበቃ ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አራት ቀን ይበቃ ነበር አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ቆጥበው ከበሉት አምስት ቀን ነው አሉ።